ካርዱን ገልብጡት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከሩቅ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

የዘንድሮው ስብሰባችን ስለ ቤዝቦል ተጫዋቾች ካርድ ጀርባ እንዲሆን ፈልገናል። ገበያው የሚያየው ፊቱን ነው። የተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድ፣ ቶፕስ የተባለው የማስቲካ ኩባንያ በ1952 ካወጣው ስብስብ ቁጥር 311፣ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።) የካርዱን ማንነት ግን ብዙ ጊዜ የሚነግረን ጀርባው ነው።

ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ይወጡ የነበሩት፣ ሰብሳቢዎች T206 የሚሏቸው ካርዶች ጀርባቸው የትምባሆ ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ ስለ ተጫዋቹ አንድም ቃል የለም። ጎዲ የተባለው የማስቲካ ኩባንያ በ1933 አጭር የሕይወት ታሪክ ጻፈ። ቶፕስ በ1952 ቁመቱን፣ ክብደቱን፣ የተወለደበትን ቀን፣ የዓይኑንና የፀጉሩን ቀለም ሳይቀር አሰፈረ፤ ከሥሩም ያለፈውን ዓመትና የዕድሜ ልክ ውጤቱን አስቀመጠ። በ1957 ደግሞ ውጤቱ ዓመት በዓመት መዘርዘር ጀመረ፤ የካርዱ መጠንም ዛሬ ወደምናውቀው 63.5 በ88.9 ሚሊሜትር ወረደ።

ቁጥሩን አስሉት። ማንትል በ1951 ለመምታት 341 ጊዜ ቀርቦ 91 መትቷል፤ 91ን ለ341 ስታካፍሉ .267 ይመጣል፤ የመምታት አማካዩ ይህ ነው። ይህን ልማድ ያደረገ ሰው የጀርባ ስሕተት ቶሎ ይታየዋል። ከ1952ቱ ስብስብ የመጀመሪያዎቹ 80 ካርዶች በቀይም በጥቁርም ጀርባ ታትመዋል። ጥቁር ጀርባ ካላቸው ውስጥ ቁጥር 48 ጆ ፔጅና ቁጥር 49 ጆኒ ሴን ታሪካቸው ተለዋውጦ የታተመባቸው አሉ፤ ፊቱን ብቻ ያየ ሰው ምን እንደያዘ አያውቅም። በ1957 ደግሞ የተጫዋቹ የሀንክ አሮን ፎቶ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ታትሞ ግራኝ መቺ አስመስሎታል፤ ጀርባው ግን በቀኝ እንደሚመታ ይናገራል። እዚያ ላይ እውነቱን የያዘው ጀርባው ነው።

አሁን ወደ ጉዳት ልምጣ። ካርዶቹ ከማስቲካ ጋር ይሸጡበት የነበረው መጠቅለያ ሰም የተቀባ ወረቀት ስለነበር፣ በሙቀት ሲታሸግ ሰሙ ዳር ላይ ባለው ካርድ ላይ ይቀር ነበር። ፊት ላይ ያለው በናይሎን ስቶኪንግ ቀስ ተብሎ ሲታሽ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ጀርባው ግን ያልለሰለሰ ወረቀት ስለሆነ ሰሙን ይጠጣዋል፤ አትፈትጉት፣ ጽሑፉን ይዞ ይነሳል። አልበም ላይ በሙጫ የተለጠፈውንም በፍጹም አትገንጥሉ፤ ታሪኩ ተልጦ አልበሙ ላይ ይቀራል። የ1952ቱ ስብስብ ቁጥር 1 የሆነው የአንዲ ፓፍኮ ካርድ ደህናው ለምን ብርቅ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ልጆች በተራ ቁጥር ደርድረው በላስቲክ ሲያስሩ የሚጨማደደው እሱ ነበር።

ማስቀመጫችሁ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ይሁን። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ግን ከጊዜ ብዛት ቅባት ያወጣል፣ ከካርዱ ጋር ይጣበቃል። የ1952ቱ ካርድ 66.7 በ95.3 ሚሊሜትር ስለሆነ ዘጠኝ ኪስ ያለው ተራ የአልበም ገጽ አይበቃውም፤ አስገድዶ ማስገባት ማዕዘኑን ያጥፈዋል። ስምንት ኪስ ያለውን ግዙ።

ሐሰተኛውን ለመለየት ሁለት ዕቃ ይበቃል፦ 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስና የአልትራቫዮሌት መብራት። በሌንሱ የጀርባውን ፊደል እዩ። በእውነተኛው ላይ ፊደሉ ድፍን ቀለም ነው፤ ከፎቶ በተቀዳው ላይ በነጠብጣብ የተሠራ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ወረቀትን የሚያነጣው ኬሚካል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋ ስለሆነ፣ የ1909 ወይም የ1933 ነው የተባለ ካርድ በመብራቱ ሥር በደማቁ ሰማያዊ ካበራ አትግዙት። አለማብራቱ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ አሮጌ ወረቀት ላይ የሚያትሙ አሉ። ጠርዙ የተከረከመ እንደሆነም ለኩ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ሲጎድል ጠይቁ።

ሌንሶቹና መብራቱ መጋረጃው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። መለዋወጥ ከመጀመራችሁ በፊት ካርዶቻችሁን እዚያ ገልብጣችሁ እዩ። ስብሰባው ተከፍቷል።