ጂ ድራይቭ የት ገባ? የጠፋውን የክላውድ ሾርትከት መመለስ

ኮምፒውተሩን ከፈታችሁ፣ ዴስክቶፑን አያችሁ፣ የጉግል ድራይቭ ምልክቷ የለችም። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ገባችሁ፣ ጂ ድራይቭም፣ ማለትም ጉግል ድራይቭ በጂ ፊደል የሚታይበት ቦታ፣ የለም። ልብ ቀጥ አለ፣ አይደል? ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። ምንም እንዳትነኩ። በተለይ ፕሮግራሙን አራግፋችሁ እንደገና ለመጫን እንዳትሮጡ። ለምን እንደሆነ እንደርስበታለን።

መጀመሪያ አንድ ምሳሌ። ይቺን ምሳሌ ስለምወዳት ትንሽ ታገሱኝ። ሾርትከት ማለት ወደ ፋይሎቻችሁ የምትወስድ ምልክት ናት፤ ልክ ስልካችሁ ላይ እንደመዘገባችሁት ስም። ስም ብቻ!

እንበልና የአጎታችሁን ስም ከስልካችሁ አጠፋችሁ። አጎታችሁ ሞቱ? አልሞቱም! ቤታቸው ቁጭ ብለዋል፣ ስልካቸውም እጃቸው ላይ ነው። የጠፋው ስማቸው ነው፣ እሱም ከእናንተ ስልክ ላይ። ቁጥሩን መልሳችሁ መዘገባችሁ፣ አለቀ። ይህ አንደኛው ችግር ነው፤ ስሙ ጠፋ።

ሁለተኛው። ስሙ አለ፣ ስትደውሉ ግን ቁጥሩ አይሠራም። ለካ አጎት ቁጥር ቀይረዋል። ስሙ የያዘው የድሮውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ተቀየረ።

ሦስተኛው። ስሙም አለ፣ ቁጥሩም ልክ ነው፣ አጎት ግን ስልካቸውን ዘግተው ተኝተዋል። ስሙን መቶ ጊዜ አጥፍታችሁ መቶ ጊዜ ብትመዘግቡት አጎት አይነሡም። ስልኩ ተዘግቷላ!

ስሙ ጠፋ፣ ቁጥሩ ተቀየረ፣ ስልኩ ተዘጋ። ድራይቬ ጠፋ የሚል ሰው ሁሉ ከሦስቱ አንዱ ነው የደረሰበት። ብዙው ሰው ግን ችግሩ ሦስተኛው ሆኖ ሳለ የአንደኛውን መድኃኒት ይወስዳል። ሾርትከት ይሠራል፣ አይከፍትም፣ ያጠፋዋል፣ ደግሞ ይሠራል። ስለዚህ እኛ ከኋላ ወደ ፊት ነው የምንሄደው።

ስልኩ ተዘግቶ እንደሆነ እንይ። ጂ ድራይቭ እንደ ሲ ድራይቭ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ የተገጠመ ዲስክ አይደለም። ጉግል ድራይቭ የሚባለው ፕሮግራም እየሠራ እስካለ ድረስ ብቻ የሚታይ ነው። ፕሮግራሙ ከተዘጋ ድራይቩ የለም። ታስክባሩ ላይ በቀኝ በኩል፣ ሰዓቱ አጠገብ፣ ወደ ላይ የምታመለክተውን ትንሽ ቀስት ንኩ። ባለ ሦስት ማዕዘኗ የድራይቭ ምልክት አለች? ከሌለች ስታርት ውስጥ ጉግል ድራይቭ ብላችሁ ጻፉና ክፈቱት። ትንሽ ጠብቁ። ጂ ብቅ አለ? በቃ፣ ጨርሳችኋል። ላይክ አድርጋችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ አልቀየማችሁም።

ምልክቷ ኖራ ድራይቩ ከሌለ ደግሞ ምልክቷን ንኩና ግባ፣ ሳይን ኢን፣ የሚል ቃል ይዛ እንደሆነ እዩ። የይለፍ ቃል ከተቀየረ በኋላ አካውንቱ ሊወጣ ይችላል፤ አካውንት ያልገባበት ፕሮግራም ደግሞ ድራይቭ አያሳይም።

ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር የሚጠፋባችሁ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኤስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ስታርትአፕ የሚለው ውስጥ ጉግል ድራይቭ ዲሴብልድ ተብሎ ታገኙታላችሁ። ኢኔብል አድርጉት። ኮምፒውተር ያፈጥናሉ የሚባሉት የጽዳት ፕሮግራሞች ናቸው አንዳንዴ ይህን የሚያደርጉት።

ቀጥሎ፣ ቁጥሩ ተቀይሮ እንደሆነ። ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ሾርትከቱም አለ፣ ስትከፍቱት ግን ቦታው አልተገኘም ይላል። ዲስ ፒሲ ውስጥ ግቡና ድራይቩ አሁን በምን ፊደል እንዳለ እዩ። ጂ የነበረው ኤች ሆኖ ታገኙት ይሆናል። ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ዲስክ ቀድሞ ተሰክቶ ጂን ይዞበት ይሆናል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። ቀላሉ፣ ሾርትከቱን ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ታርጌት የሚለው ሳጥን ውስጥ የመጀመሪያዋን ፊደል መቀየር። ዘላቂው ግን ለድራይቩ ራሱ ቋሚ ፊደል መስጠት ነው። የድራይቭ ምልክቷ፣ የጥርሱ ምልክት፣ ማለትም ጥርስ ያለው ጎማ የመሰለው የሴቲንግስ ምልክት፣ ፕሪፈረንስስ፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ የጥርስ ምልክት አለ። አዎ፣ ሁለት ጊዜ ነው ጥርስ የምትነኩት፣ ለምን አትበሉኝ። እዚያ የድራይቭ ፊደል መምረጫ አለ። ፍላሾች ከፊደሉ መጀመሪያ አካባቢ ነው ቦታ የሚይዙት፣ ስለዚህ ወደ መጨረሻው ሂዱ። ኤክስ ጥሩ ነው፣ ዋይም ጥሩ ነው። ልብ በሉ፤ ፊደሉን ስትቀይሩ በድሮው ፊደል የተያያዙ ነገሮች ይበጠሳሉ። ከሌላ ፋይል ቁጥር የሚስብ የኤክሰል ሠንጠረዥ ካላችሁ ማያያዣውን ማስተካከል አለባችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የቆየ ኮምፒውተር ያላችሁ ሾርትከቱ ሳይጠፋ፣ እየከፈተም ሊያታልላችሁ ይችላል። ድሮ ባክአፕ ኤንድ ሲንክ የሚባል የጉግል ፕሮግራም ነበር፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ቀን 2021 ሥራውን አቁሟል። የእሱ ሾርትከት የሚወስደው ጉግል ድራይቭ ወደተባለ ተራ ፎልደር ነበር። ያ ፎልደር አሁንም ዲስካችሁ ላይ ካለ ይከፈታል፣ ፋይል ታስቀምጡበታላችሁ፣ አንዱም ግን ወደ ክላውድ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ወዳለው ማከማቻችሁ፣ አይወጣም። አጎት ቤት ቀይረው እናንተ ባዶው ቤት በር ላይ ዕቃ እየደረደራችሁ ነው። ታርጌቱን እዩ፤ በሲ የሚጀምርና ጉግል ድራይቭ የሚል ከሆነ ጠርጥሩ።

አሁን ቀላሉ፣ ስሙ ጠፋ። ድራይቩን ክፈቱ፣ ማይ ድራይቭ የሚለውን ፎልደር ኦልት የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ወደ ዴስክቶፕ ጎትቱት። ኦልትን አትልቀቁ! ያለ ኦልት ከጎተታችሁት ዊንዶውስ ኮፒ ነው የሚያደርገው፤ ክላውድ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ዴስክቶፕ መውረድ ይጀምራል። ኢንተርኔቱም ዲስኩም ያልቃል። በፋይል ኤክስፕሎረር በግራ በኩል እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ ደግሞ ፎልደሩን ቀኝ ክሊክ፣ ፒን ቱ ክዊክ አክሰስ። አለቀ።

እሺ፣ አሁን አስተያየት መስጫው ላይ ደጋግማችሁ የጻፋችሁት ነገር። ባለፈው ቪዲዮ ሾርትከት ቢጠፋ ፋይል አይጠፋም ስላልኩ፣ «እንግዲያው ክላውድ ላይ ስላለ ከኮምፒውተሬ ብሰርዘው ምንም አይሆንም» አላችሁ። አይ! አይ፣ አይ፣ አይ። እንደዚያ አላልኩም!

ስሙን ማጥፋትና ሰውየውን ማጥፋት ይለያያል። ጂ ውስጥ ገብታችሁ ፎልደር ስትሰርዙ የምትሰርዙት ስም አይደለም፣ አጎትን ራሳቸውን ነው። ከኮምፒውተሩም፣ ከክላውዱም፣ ከስልካችሁም ይጠፋል። ሲንክ ማለት እኮ እዚህ የሆነው እዚያም ይሆናል ማለት ነው፤ መሰረዝም አንድ የሆነ ነገር ነው። የማይክሮሶፍቱ ዋን ድራይቭም ያው ነው።

እንዴት ነው የምትለዩት? ምልክቱ ታችኛው ግራ ጥግ ላይ ትንሽ የታጠፈች ቀስት ካለች ሾርትከት ነው፣ ብትሰርዙት ስም ነው የጠፋው። ቀስት ከሌለች እጃችሁን ሰብስቡ። ቦታ ለማስለቀቅ ከሆነ መሰረዝ አይደለም መንገዱ፤ ዋን ድራይቭ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ፍሪ አፕ ስፔስ፣ ጉግል ድራይቭ ላይ ደግሞ ኦንላይን ኦንሊ የሚለውን ምረጡ። ፋይሉ ክላውድ ላይ ይቀራል፣ ዲስኩ ይቀላል። የሰረዛችሁ ካላችሁ በብራውዘር ግቡና የጉግል ድራይቭን ትራሽ እዩ፤ 30 ቀን ይቆያል። የግል ዋን ድራይቭም ሪሳይክል ቢኑ 30 ቀን ነው።

ይህ ነገር አንድ ሌላ እንቆቅልሽም ይፈታል። ዋን ድራይቭ ዴስክቶፓችሁን ባክአፕ እንዲያደርግ ከፈቀዳችሁ ሾርትከቶቹም አብረው ሲንክ ይሆናሉ። ቢሮ ያለው ላፕቶፕ ላይ ዴስክቶፕ ስታጸዱ ቤት ያለውም ይጸዳል። ከዚያ «ማንም ሳይነካው ጠፋ» ትላላችሁ። እናንተው ናችሁ የነካችሁት!

የዋን ድራይቭን ፈጥኜ ልንገራችሁ። በግራ በኩል ከጠፋ፣ መጀመሪያ ፕሮግራሙን ከስታርት ክፈቱና መግባታችሁን እዩ። ካልመጣ የዊንዶውስ ቁልፍና አር ተጫኑ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ትእዛዝ ጻፉ፤ የዋን ድራይቭ አድራሻ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ስላሽ ሪሴት። ክፍት ቦታዋን አትርሱ። ምልክቱ ይጠፋና ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ከስታርት ራሳችሁ ክፈቱት። ሪሴት ፋይል አይሰርዝም፤ ግን የተወሰኑ ፎልደሮችን ብቻ መርጣችሁ ከነበረ ምርጫውን እንደገና ታደርጋላችሁ።

ይህም ካልሠራ ሬጅስትሪ ነው፤ ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ ማለት ነው። መጀመሪያ ፋይል፣ ኤክስፖርት ብላችሁ ቅጂ ያዙ። ከዚያ ከረንት ዩዘር፣ ሶፍትዌር፣ ክላስስ፣ ሲኤልኤስአይዲ፣ እዚያ ውስጥ በዜሮ አንድ ስምንት ዲ የሚጀምረው ረጅሙ ቁልፍ። ፒንድ ቱ ኔም ስፔስ ትሪ የሚል ስም ያለበት መስመር አለ፤ 0 ከሆነ 1 አድርጉት። ፋይል ኤክስፕሎረርን ዘግታችሁ ክፈቱ።

ማክ የምትጠቀሙ፣ ረሳን አትበሉ። ፋይንደር፣ ሴቲንግስ፣ ሳይድባር፣ ሎኬሽንስ በሚለው ስር ምልክት ማድረጊያዎቹን እዩ። ምልክቱ ኖሮ ካልታየ ሎኬሽንስ የሚለው ርዕስ ራሱ ታጥፎ ይሆናል፤ ማውሱን አስጠጉት፣ ቀስት ይወጣል፣ ንኩት።

እና መጀመሪያ ላይ አራግፋችሁ እንደገና ለመጫን እንዳትሮጡ ያልኳችሁ። ጉግል ድራይቭ ገና ወደ ክላውድ ያልወጡ ፋይሎችን ድራይቭ ኤፍኤስ በሚባል ስውር ፎልደር ውስጥ ነው የሚያቆያቸው። አንዳንድ ቪዲዮዎች «ንጹሕ ሆኖ እንዲጫን» ብለው ያንን ፎልደር ሰርዙ ይሏችኋል። ከሰረዛችሁት ያልወጣው ፋይል አብሮ ይሄዳል፤ ትራሽ ውስጥም አታገኙትም፣ ክላውድ ላይ ደርሶ አያውቅማ። የግድ ማራገፍ ካለባችሁ መጀመሪያ የድራይቭ ምልክቷን ንኩና ሁሉም ፋይል መውጣቱን አረጋግጡ። የኢንተርኔት መስመሩ ደካማ ከሆነ አዳሩን ተዉት፣ ጠዋት እዩት።

ካልተሳካላችሁ ከታች ስትጽፉልኝ «አልሠራም» ብቻ አትበሉ። ስሙ ነው የጠፋው፣ ቁጥሩ ነው የተቀየረው፣ ወይስ ስልኩ ነው የተዘጋው? ዊንዶውስ 10 ነው 11? እሱን ጻፉ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም፣ ቁልፏ እዚያው ናት፣ እሷ አትጠፋም።