ሰዓቱ የሚቆመው የመጨረሻው ሰው ሲገባ ነው

(ቅዳሜና እሑድ በጃንሜዳ በተካሄደው የዱላ ቅብብልና የመሰናክል ሩጫ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ የተደረገ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ ተወዳዳሪዎች፣ ወላጆች፣ ዳኞች፣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አቧራችንን የተጋራችሁ የአካባቢው ነዋሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ!

ሽልማቱ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ እያያችሁት ንግግር ማዳመጥ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ፀሐዩም ጨክኗል። ስለዚህ «ሃምሳ ሎሚ»ንም «ድር ቢያብር»ንም አልጠቅስም፤ ሁለቱንም የመድረክ መሪያችን ከትናንት ጀምሮ በድምፅ ማጉያ ሲደጋግምላችሁ ነው የሰነበተው። እኔ የምናገረው ስለ አንድ ቅሬታ ነው።

ዛሬ ጠዋት በመሰናክል ውድድሩ ከአንድ ቡድን አራት አባላት ሦስቱ ከሁሉም ቀድመው ገቡ። ተቃቀፉ፣ ጨፈሩ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ውሃ ጠጡ። አራተኛው ጓደኛቸው ያን ጊዜ ግድግዳው ሥር ነበር፤ ብቻውን። ዘሎ የጣውላውን ጫፍ ነካ፣ ተንሸራትቶ ወረደ። ደግሞ ዘለለ፣ ደግሞ ወረደ። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ መጨረሻው መስመር አንጋጦ ያየበት አስተያየት ከዓይኔ አልጠፋም። በመጨረሻ ትከሻ ሰጥተው ያሻገሩት ከኋላ የመጡ የሌላ ቡድን ልጆች ናቸው። ውጤት ሲነገር ታዲያ ያ ቡድን ከአምስተኛም በታች ሆነ። «ቀድመን ገብተን እንዴት ተደርጎ?» የሚል ቅሬታ በጽሑፍ ደረሰን።

ዳኞቹ ተነጋግረው መልስ ሰጥተዋል፤ ውጤቱ አይለወጥም። የምዝገባ ቅጹ ላይ የቡድኑ ሰዓት የሚቆመው የመጨረሻው ሰው ሲገባ መሆኑ ተጽፏል፤ ሁላችሁም ፈርማችሁበታል። በደንቡ ብቻ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ። ግን ቅሬታው የዚያ ቡድን ብቻ አይደለም። ስንቶቻችሁ ናችሁ በሻይ ሰዓት ወደ ጎን ስባችሁ «ሩጫ እኮ የግል ነው፤ ጎበዙ በደካማው ምክንያት ለምን ይቀጣል?» ያላችሁኝ! ስለዚህ ልመልስ።

ሩጫ ሲባል ለእኛ አንድ ሰው ብቻውን ነው የሚታየን። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ። ጥሩ ነው፤ እውነትም ነው። ግን በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የተሮጠውን 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ አስቡት። የምንዘክረው ማርሽ ቀያሪውን ምሩፅ ይፍጠርን ነው። መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ግን ከእሱ ጋር እየተፈራረቁ ከፊት እየወጡ፣ ፍጥነቱን አንዴ እያከረሩ አንዴ እያላሉ፣ ተፎካካሪ ሁሉ የራሱን ምት እንዳያገኝ አድርገዋል። ከዚያ በፊት በተካሄዱት ሁለት ኦሎምፒኮች ይህንኑ ርቀት ያሸነፈው ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን በዚያ ሩጫ አምስተኛ ወጣ። ምሩፅ ወርቅ፣ መሐመድ ነሐስ። ቶሎሳ አራተኛ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ አንገቱ ላይ የገባ ሜዳሊያ የለም። ያለ እሱ ግን ሩጫው ያ ሩጫ አይሆንም ነበር። እኔ ያንን ዱላ የሌለበት ዱላ ቅብብል እለዋለሁ።

አቴንስንም ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችሁታል፤ 1996 ዓ.ም.። ኃይሌ ገብረሥላሴ በጉዳት ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ሲቀር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ዞር እያሉ አዩት፣ ፍጥነታቸውንም ቀነሱለት። ልብ በሉ፤ መጠበቃቸው ኃይሌን ለሜዳሊያ አላበቃውም፣ አምስተኛ ነው የወጣው። እነሱም በኋላ ሄደው ወርቁንና ብሩን ወስደዋል። በውጤት ከለካችሁት ያ ዞር ማለት ምንም አልጨመረም። ታዲያ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ስለዚያ ውድድር ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው ለምን እሱ ሆነ? መልሱን ለእናንተ እተዋለሁ።

አሁን ወደ ትናንቱ ዱላ ቅብብል ልምጣ፤ እዚያ ላይ የምለው ብዙ ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ብዙዎቻችሁ የተሸነፋችሁት በእግር ሳይሆን በእጅ ነው። ዱላ እንደ ዕቃ ቀላል ነገር ነው። ርዝመቱ ከ28 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ50 ግራም የማያንስ። ትራክ ላይ በ4 በ400 ሜትር መቀባበያው ክልል 20 ሜትር ነው፤ እኛም በኖራ ያሰመርነው ያንኑ ነው። በእነዚያ 20 ሜትሮች ውስጥ ግን ስንት ነገር አየን! ተቀባዩ ቀድሞ ፈትለክ ብሎ ሰጪው ዱላውን ዘርግቶ ሲከተለው። ሰጪው ዱላውን ወርውሮ መሬት ላይ ሲዘረር። አንዱማ ዱላውን ሳይቀበል ግማሽ ዙር ሮጦ፣ ተመልካች ሲጮኽበት ያበረታቱት መስሎት እጁን አውለበለበ።

ምክንያቱ ይገባኛል። በቴሌቪዥን የምታዩት የ4 በ100 ሜትር ቅብብል ነው፤ እዚያ ተቀባዩ ወደ ኋላ ሳያይ እጁን ብቻ ይዘረጋል። ያ የሚሠራው ሰጪው ገና ሙሉ ጉልበት ላይ ስለሆነ ነው። የእኛ ርቀት ሌላ ነው። ይህ ሜዳ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ ይዞላችሁ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው በሩብ ገደማ ያንሳል። ዙሩን ጨርሶ የሚመጣ ሰው እግሩ ተሳስሯል፣ ዓይኑ ደክሟል፣ ክንዱ አይታዘዘውም። ስለዚህ ዞሮ ማየት ያለበት ተቀባዩ ነው። ሰጪው በምን ፍጥነት እንደሚመጣ አይቶ በዚያው ልክ የሚነሣውም፣ ዱላውን ከእጁ የሚወስደውም እሱ ነው። ቡና ሲታደል ሲኒ እንዴት እንደሚተላለፍ ታውቁታላችሁ፤ ያኛው ጨብጦ ሳይዝ ይሄኛው አይለቅም። ከዚያ የተለየ ምሥጢር የለውም።

ከሁሉ ያማረውን ቅብብል ያየሁት ከእናትና ልጅ ነው። እናት ዙራቸውን ጨርሰው ወደ ክልሉ ሲገቡ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠዋል፤ ልጅቱ ደግሞ መስመሩ ጫፍ ላይ ቆማ ዓይኗን ከእሳቸው አልነቀለችም። ልክ ሲደርሱ አብራቸው መሮጥ ጀመረች፣ ዱላውንም ያዘች። እናት ግን አልለቀቁም! ሁለቱም ዱላውን እንደያዙ ጎን ለጎን ትንሽ ሮጡ፤ ልጅቱ «እማዬ ልቀቂኝ!» ስትል ሜዳው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰዓት ባክኗል፣ አዎ። ዱላው ግን አልወደቀም፤ መሬት ላይ ከተጣሉት ከብዙዎቹም ቀድመው ገብተዋል።

በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ በዱላ ቅብብል ታሪክ የላትም የሚል ካለ ይታረም። በ2011 ዓ.ም. ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በድብልቅ ዱላ ቅብብል ወርቁን የወሰደው የእኛ ቡድን ነው። ሁለት ሴት፣ ሁለት ወንድ። ስለ እነዚያ ልጆች ያኔ ሬዲዮኑ ለአንድ ቀን አውርቶ ዝም አለ። ግለሰብ ቢሆኑ ኖሮ ወሩን ሙሉ ነበር የምንሰማው።

ወደ መሰናክሉ ልመለስ። በትራክ 3,000 ሜትር መሰናክል 28 መሰናክልና 7 የውሃ ዝላይ አለው። መሰናክሉ ደግሞ እንደ 110 ሜትሩ ቢመቱት የሚወድቅ አይደለም፤ ጠንካራ ግንድ ነው፣ የሚወድቀው ሯጩ ነው። እቴነሽ ዲሮ በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ በማጣሪያው ከሌሎች ጋር ተጠላልፋ ጫማዋ ሲበላሽ አውልቃ ወርውራ በአንድ እግር ጫማ ጨርሳለች፤ ከይግባኝ በኋላም ፍጻሜ ገብታለች። ያ የግል ጀግንነት ነው፤ ቆሜ አጨብጭቤለታለሁ።

የእኛ መሰናክል ግን የተሠራው ለሌላ ነገር ነው። ጎማው፣ የአሸዋ ጆንያው፣ መረቡ ለብቻ ይታለፋሉ። (ጭቃ ለምን የለም ብላችሁ የጠየቃችሁ ወጣቶች፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጭቃ ለመሥራት ውሃ አናፈስም።) ግድግዳውን ግን የሰፈራችን አናጺዎች ሆን ብለው አንድ ሰው ብቻውን እንዳይወጣው አድርገው ነው ያቆሙት። አንደኛ የወጣው ቡድን እንዴት እንዳለፈው ያየ አለ? ጉልበተኛው ግድግዳው ሥር ተንበረከከ። ቀላሏ ልጅ ጭኑን ረግጣ ትከሻው ላይ፣ ከትከሻው ደግሞ ግድግዳው አናት ላይ ወጣች፤ እግሯንም ግራና ቀኝ አድርጋ እዚያው ተቀመጠች። ወዲያ ማዶ አልወረደችም። ሁለቱ እየተገፉም እየተሳቡም አለፉ። ጉልበተኛው በመጨረሻ ተንደርድሮ ሲዘል አንድ እጁን እሷ፣ አንድ እጁን ሌላው ያዙትና ጎተቱት። ከዚህ ቡድን ውስጥ በግል ሰዓት ከቀዳሚዎቹ ሦስት የገባ አንድም ሰው የለም። ይህን ከዳኞቹ መዝገብ ላይ ራሴ አይቻለሁ።

«ጎበዙ ለምን ይቀጣል?» ላላችሁኝ መልሴ ይኸው ነው። ጎበዙ አልተቀጣም፤ ጎበዝነቱን ግድግዳው ላይ ተቀምጦ እጅ በመዘርጋት እንዲያሳይ ነው የተጠየቀው። ሲሮጥ ራሱን ብቻ ማየት ለሚፈልግም ቦታ አለ፤ በ1994 ዓ.ም. የተጀመረውን ታላቁ ሩጫን የመሰለ ውድድር ከመስቀል አደባባይ ይነሣል፣ ሄዳችሁ ትንፋሻችሁ እስኪያልቅ ሩጡ፤ እኔም እሮጣለሁ። እዚህ ግን ደንቡ በሚቀጥለው ዓመትም ይህ ነው። ቅሬታ ያቀረበው ቡድንም፣ ስሙን አልጠራም፣ ልጆቹ ግሩም ሯጮች ናቸውና እንዲመለሱ እንፈልጋለን። አራቱም።

ስለ ሜዳው አንድ ነገር ብቻ። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ጊዜ አትክልት ተራ ወደዚህ ሲዛወር ጃንሜዳ የጎመንና የሽንኩርት ተራ ሆኖ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ለጥምቀት ሲጸዳ ስንቱ ሰው አካፋ ይዞ እንደወጣም እንዲሁ። ስለዚህ የውሃ ፕላስቲካችሁን አንሡ። የሚበቃ ማዳበሪያ በየጥጉ አስቀምጠናል።

ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ክፍያ ለቆሙት ነርሶች፣ ሰዓት ለያዙት መምህራን፣ ዳቦና ቆሎ ላቀረቡት እናቶች እግዜር ይስጥልን።

ሽልማቱ አሁን ይጀመራል፤ ከሦስተኛ ወደ አንደኛ ነው የምንጠራው፤ ቡድኑ የሚወጣው አራቱም አባላት ሲሟሉ ነው፤ ሽንት ቤት የሄደ ካለ ጥሩት። ዱላዎቹን ያዋሰን አንድ ትምህርት ቤት ነው፣ ነገ ለልጆቹ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋሉ፤ እስካሁን የተመለሱት ግን ግማሾቹ ናቸው። ቦርሳችሁን ፈትሹ፣ ምዝገባ ጠረጴዛው ላይ አስረክቡ። አመሰግናለሁ።