ፋብሪካው ሳይከፈት ጉድጓዱ ይለካ

የተከበራችሁ የቡሬና የአካባቢዋ አባቶችና እናቶች፣ የቆዳ ፋብሪካ ባለቤቶች፣ የወረዳና የቀበሌ ኃላፊዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

እስቲ እነዚህን ሁለት ጠርሙሶች ተመልከቱልኝ። ሁለቱም ውኃ ኩልል ያለ ነው። አንዱን ዛሬ ጠዋት ከቧንቧ ቀዳሁት። ሁለተኛውም የቧንቧ ውኃ ነው፤ ግን በገዛ እጄ ክሮሚየም የተባለው ብረት መርዛማ መልክ የሆነውን ክሮሚየም ስድስት ቅንጣት ታህል ጨምሬበታለሁ። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። አሁን መመርመሪያውን ጠብ ላድርግበት። አያችሁ? ወይን ጠጅ መሰለ። ይህ ጠብታ ባይኖር ኖሮ ማናችን እንለየው ነበር?

ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋት የሚገባ ነገር ነው። ቆዳው የሚገባውን ሁሉ አይይዘውም፤ የተረፈው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ሲገባ ያን ያህል የማይከፋው፣ መሬት ውስጥ እንዳገኘው ሁኔታ ወደ ክሮሚየም ስድስት ሊለወጥ ይችላል፤ ይሄኛው ደግሞ ከውኃ ጋር ሩቅ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ጠቅላላ ክሮሚየም ነው። "አፍልቼ እጠጣዋለሁ" የምትሉኝ አላችሁ። እናቶቼ፣ ማፍላት ተዋሕስያንን ይገድላል እንጂ ብረትን አያስወጣም። ውኃው ተንኖ ሲያንስ መርዙ ይበረታል።

የእኛ መሬት ደግሞ ከሥሩ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ስንጥቅ አለው። ምንጮቻችን የሚፈልቁት በዚያው ስንጥቅ ነው፤ ፍሳሽም የሚወርደው በዚያው ነው። ቀዩ አፈር ወፍራም በሆነበት ያጣራልናል፣ በሳሳበት ግን ምንም የሚያግደው የለም።

አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሂንክሊ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከ1952 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ የሚገፋ አንድ ጣቢያ ክሮሚየም ስድስት ያለበትን የማቀዝቀዣ ውኃ ወለሉ ባልተሸፈነ ኩሬ ያጠራቅም ነበር፤ እሱም ወደ ከርሰ ምድር ውኃው ሰረገ። በ1996 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ለነዋሪዎች 333 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያም በኋላ የከርሰ ምድር ውኃውን ማጽዳቱ አሥርት ዓመታት ፈጀ። ማጽጃ ዘዴ የለም አልልም፤ ውኃውን ስቦ ማከም አለ፣ በመንገዱ ላይ ቦይ ቆፍሮ የብረት ፍቅፋቂ መሙላትም አለ። ግን ይህን ሁሉ ገንዘብ ማን ያወጣልናል?

አንድ ጊዜ ከፋብሪካ በታች ወዳለ መንደር ናሙና ልወስድ ሄጄ ነበር። አንዲት አሮጊት እናት ገመዱን እየሳቡ፣ "ልጄ፣ ይህ ውኃ ድሮ እንዲህ አልነበረም" አሉኝ። አመንኳቸው። ነገር ግን ያ "ድሮ" የተጻፈበት አንድ ወረቀት አልነበረኝም። ፋብሪካው "ጉድጓዱ ቀድሞም እንዲሁ ነበር" ቢል መልስ አልነበረኝም። ያ ቀን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ እኔ ተጎዳሁ ሳይል፣ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ፍርድ ቤት ግን ማስረጃ ይጠይቃል። ስለዚህ የፋብሪካ ባለቤቶች፣ ማሽን ከመትከላችሁ በፊት አንድ ጉድጓድ ከላይ፣ ሁለት ከታች ቆፍሩና ውኃው ይለካ። ውጤቱ ቀበሌ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ በየሦስት ወሩም ይደገም። ንጹሕ ከሆናችሁ ወረቀቱ ለእናንተም ጠበቃ ነው።

እኔ የፊታችን ማክሰኞ ከታችኛው ሰፈር እጀምራለሁ። ጠርሙሱን ይዤ እመጣለሁ፤ እናንተ የጉድጓዱን ክዳን ክፈቱልኝ፣ መቼ እንደተቆፈረም የሚያስታውስ ሰው አጠገቤ ይቁም።