ኮቺን በእግር

እንደምን አመሻችሁ!

የተከበራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ወደ ደቡብ ህንድ ትሄዳላችሁ። ገሚሶቻችሁ ለትምህርት፣ ገሚሶቻችሁ ቤተሰብ ለማሳከም። የቪዛውንና የሻንጣውን ነገር ሌሎች ያስረዷችኋል። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። መንገዳችሁ ወደ ደቡብ ህንዷ ክፍለ ግዛት ወደ ኬረላ ከወሰዳችሁ ኮቺን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ከታክሲ ውረዱና በእግራችሁ እዩአት። እዚያ ከተማ ውስጥ የእኛም ታሪክ አለ፤ ብዙ ሐበሻ ግን አጠገቡ ደርሶ ሳያውቀው ያልፋል።

ኬረላ ለኛ ሩቅ አገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ አባቶችና እናቶች ታስታውሳላችሁ። ሒሳብና ፊዚክስ ካስተማሯችሁ ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከዚያው ከኬረላ የመጡ ነበሩ።

ኮቺ በአረቢያ ባሕር ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1341 የፔሪያር ወንዝ ከባድ ጎርፍ አምጥቶ የጥንቱን የሙዚሪስን ወደብ በደለል እንደደፈነውና ለኮቺ አዲስ የመርከብ በር እንደከፈተላት ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ቁንዶ በርበሬ የፈለገ ሁሉ መጣ። ዓረቡ፣ ቻይናው፣ አይሁዱ፣ ፖርቹጋሉ፣ ሆላንዱ፣ እንግሊዙ። ሁሉም የየራሱን ቤት ትቶ ሄደ፤ ቤቶቹ ደግሞ ተቀራርበው ስለቆሙ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር መሄድ ይቻላል።

ከዋናው ከተማ ከኤርናኩላም ወደ አሮጌው ሰፈር ወደ ፎርት ኮቺ በጀልባ ተሻገሩ። ዋጋው ርካሽ ነው። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ዘመናዊ ጀልባዎች አሉ። ከወደቡ ትንሽ ራመድ እንዳላችሁ የቻይና መረብ የሚባሉትን ታያላችሁ። ትልልቅ ናቸው። ረጃጅም ግንዶች ተጋጥመው ጫፋቸው ላይ ሰፊ መረብ ተንጠልጥሏል። ከኋላ በገመድ የታሰሩ ድንጋዮች ተሰቅለዋል፤ የመረቡን ክብደት የሚያመዛዝኑት እነሱ ናቸው። አራት አምስት ሰው አብሮ ገመዱን ሲስብ መረቡ ከውኃ ቀስ ብሎ ይነሳል። አንዳንዴ የሚወጣው ጥቂት ትንንሽ ዓሣ ብቻ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ኑ ሳቡ ብለው ይጋብዟችኋል። ሳቡ፤ ስትጨርሱም ጉርሻ ስጧቸው፣ ሥራቸው ከባድ ነው።

ከዚያ ወደ ቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ግቡ። ፖርቹጋሎች በ1503 መጀመሪያ በእንጨት የሠሩት ነው። ሆላንዶች በ1663 ከተማዋን ሲይዙ የራሳቸው አደረጉት፤ ኋላም የእንግሊዞች ሆነ። ግድግዳው ላይ በፖርቹጋልኛና በሆላንድኛ የተጻፉ የመቃብር ድንጋዮች ተደርድረዋል። ወለሉ ላይ ደግሞ በአጥር የተከበበ አንድ ድንጋይ አለ። ከአውሮፓ ወደ ህንድ የባሕር መንገድ የከፈተው ፖርቹጋላዊ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1524 ዲሴምበር 24 ኮቺ ውስጥ ሞቶ የተቀበረው እዚያ ነው። አፅሙ ከዓመታት በኋላ ወደ ፖርቹጋል ተወስዷል።

ቱሪስቱ ፎቶ አንስቶ ይወጣል። እናንተ ግን ቆም በሉ። የዚህ ሰው ልጅ ክሪስቶፈር ዳ ጋማ በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ ምጽዋ ላይ የወረደው ሰው ነው። ከኢማም አሕመድ ጋር ተዋግቶ በ1542 ተማርኮ የተገደለው እኛ አገር ነው። የላከውም ወንድሙ እስጢፋኖስ ዳ ጋማ ነበር፤ የፖርቹጋል ህንድ ገዥ። አባት ኮቺ ተቀበረ፣ ልጅ ኢትዮጵያ ወደቀ። ይህን እያወቃችሁ እዚያ ድንጋይ ፊት ስትቆሙ ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ከፎርት ኮቺ ወደ ማታንቸሪ ሰፈር ስትዘልቁ የቅመም መደብሮቹ ይጀምራሉ። ዝንጅብሉ፣ ሄሉ፣ ቀረፋው ከሩቅ ይሸታል። የማታንቸሪ ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። ፖርቹጋሎች ለኮቺ ንጉሥ የሠሩለት፣ ሆላንዶች ያደሱት ነው። ከውጭ ተራ ቤት ይመስላል። ውስጡ ግን የንጉሡ መኝታ ክፍል ግድግዳ የሂንዱዎች ጥንታዊ ተረክ በሆነው በራማያና ታሪክ ሥዕሎች ተሸፍኗል።

ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ በ1568 የተሠራው የፓራዴሲ ምኩራብ አለ። ጫማችሁን አውልቁና ወለሉን እዩ። ከቻይና የመጡ ነጭና ሰማያዊ ሸክላዎች ናቸው፤ በእጅ የተሳሉ። ቦታውን ለአይሁዶቹ የሰጣቸው የኮቺ ንጉሥ ነበር። በ1662 ፖርቹጋሎች ምኩራቡን አጥቅተው ጎድተውታል፤ ሆላንዶች ከመጡ በኋላ ታደሰ። አይሁዶቹ እስራኤል ስትመሠረት አብዛኞቹ ወደዚያ ሄደዋል፤ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቅዳሜ ዝግ ነው፤ ቀናችሁን አስቡበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ማታንቸሪ ውስጥ ብዙ ጎብኚ የማይደርስበት አንድ አሮጌ የሶርያ ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን አለ። የኬረላ ክርስቲያኖች እምነታቸውን ከሐዋርያው ቶማስ እንደተቀበሉ ያምናሉ። ፖርቹጋሎች ሲመጡ ኢየሱሳውያን (ጀዝዊት) የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን በሮም ሥር ሊያደርጓቸው ተጫኗቸው። ሕዝቡ ጃንዋሪ 3 ቀን 1653 እዚያ ተሰበሰበ። እንደሚነገረው የመጣው ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ሁሉም መስቀሉን መንካት አልቻለም። ስለዚህ መስቀሉ ላይ ረጃጅም ገመዶች ታሰሩ፤ ሰዉም ገመዱን ይዞ ለኢየሱሳውያኑ አንገዛም ብሎ ማለ።

ይህ ነገር ለኛ ሰው እንግዳ ነው? አጼ ሱስንዮስ የሮምን እምነት ተቀብለው ስንት ደም ፈሰሰ! በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አስወጡ። ወደ እኛ የመጡት ሚስዮናውያንም መነሻቸው ያችው የፖርቹጋል ህንድ፣ ጎዋ ነበረች። ሁለት ሕዝቦች በአንድ ምዕተ ዓመት፣ አንድ ዓይነት ግፊት ደርሶባቸው አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ። ማታንቸሪ ላይ ከማሉት ከፊሎቹ ኋላ ወደ ሮም ተመልሰዋል። ከቀሩት ብዙዎቹ ግን ዛሬ ከእኛ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር እህትማማች ናቸው። በ1965 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የኦሪየንታል አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የህንዱ ቤተ ክርስቲያን መሪ፣ ካቶሊኮሱም፣ ተገኝተው ነበር። በሃይማኖት የተለያችሁ ብትሆኑም ታሪኩ የሁላችን ነው፤ ሄዳችሁ እዩት።

ማታ ካታካሊ የሚባለውን የኬረላ የጭፈራ ድራማ ተመልከቱ። ግን ትርኢቱ ከመጀመሩ ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ ተዋናዮቹ ሲኳኳሉ ማየት ይቻላልና። አንዱ ወለል ላይ በጀርባው ተኝቶ ሌላው ፊቱን ይቀባዋል። ፊቱ አረንጓዴ የሆነው ጀግና ነው። ዓይናቸውን ደግሞ በአንድ ተክል ዘር ያቀሉታል። መድረክ ላይ አይናገሩም፤ በዓይን፣ በቅንድብና በጣት ነው የሚያወሩት።

ስለ ምግብ አትስጉ። አፓም የሚባል አላቸው፤ ከቦካ የሩዝ ሊጥ የሚጋገር፣ እንደ እንጀራ በወጥ የሚበላ። ወጡን በኮኮናት ወተት ስለሚሠሩት ጾም ላይ ያለ ሰውም አይቸገርም። አስተናጋጁን ግን ዓሣ ወይም ቅቤ ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁት።

ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ዝናቡ ኃይለኛ ነው፤ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው ጊዜ ለእግር ጉዞ ይመቻል። ጠዋት በማለዳ ተነሱ፤ ቀትር ላይ ሙቀቱና ወበቁ ያደክማል። ቤተ እምነት ስለምትገቡ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማም አድርጉ። የማታንቸሪውን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ለማግኘት ባለባጃጁን "ኩናን ኩሪሽ" በሉት።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ።