ከውሃው በፊት ቃሉ ይድረስ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አላችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሲከነክነኝ የቆየ አንድ ጉዳይ አለ፣ እሱን ላውራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፣ ሰዓቱን ግን በእኛ።

ስለ ትልልቅ የእሳት አደጋዎች የተጻፉ የምርመራ ሪፖርቶችን አነባለሁ። ቀላል ንባብ አይደለም። አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ብዙ ጊዜ ከአእምሮዬ የማይወጣው ያልደረሰ መልእክት ነው። አንዱ «ውጡ» ብሏል፣ ሌላው አልሰማም። አንዱ «ድረሱልኝ» ብሏል፣ መልስ የለም።

ኒውዮርክን እንውሰድ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001። የዓለም ንግድ ማዕከል ሁለቱ መንትያ ሕንፃዎች በአውሮፕላን ተመትተው እየነደዱ ነው። ደቡባዊው ሕንፃ ሲፈርስ በሰሜናዊው ውስጥ ብዙ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበሩ። መሳሪያቸውን ተሸክመው ደረጃውን ይወጣሉ። ሎቢ ውስጥ የነበረው አዛዥ የጎረቤቱን ሕንፃ መፍረስ በዓይኑ አላየም። ድምፁን ሰማ፣ አቧራና ጨለማ ዋጠው። ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ደቂቃ ሳይቆይ፣ በሬዲዮ ሁሉም ሕንፃውን ለቆ እንዲወጣ አዘዘ። ሰሜናዊው ሕንፃ የፈረሰው ደቡባዊው ከወደቀ ከ29 ደቂቃ በኋላ ነው።

29 ደቂቃ! ይህን ቁጥር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ታችኛዎቹ ፎቆች ላይ ላለ ሰው ለመውረድ የሚበቃ ጊዜ ነው። ትእዛዙም በሰዓቱ ተሰጥቷል። ግን ያልሰሙ ነበሩ። የእጅ ሬዲዮ በብረትና በኮንክሪት መሃል ይዳከማል። ቻናሉ በብዙ ሰው ንግግር ተጨናንቋል። ከእረፍታቸው ተነስተው የመጡ አንዳንዶች ሬዲዮም አልያዙም። ከሰሙትም ውስጥ ሌላው ሕንፃ ሙሉ በሙሉ መውደቁን ያላወቁ ነበሩ፤ ስለዚህ ነገሩ ምን ያህል አጣዳፊ እንደሆነ አልገባቸውም። ከላይ የፖሊስ ሄሊኮፕተሮች እያዩ ነበር። ፖሊስና እሳት አደጋ ግን የጋራ የዕዝ ጣቢያ አልነበራቸውም፣ ሬዲዮአቸውም አይገናኝም። የዚያን ቀን 343 የከተማዋ እሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ1993ቱ የቦምብ ጥቃት በኋላ እዚያው የሬዲዮ ምልክት የሚያጎላ መሣሪያ ተተክሎ ነበር። የዚያን ጠዋት አለቆቹ ሲሞክሩት የማይሠራ መሰላቸውና ሰሜናዊው ሕንፃ ላይ ተውት። በኋላ ሲመረመር አንድ ቁልፍ አለመጫኑ ታወቀ። እኔ በነዚያ ሰዎች ላይ ጣት አልቀስርም። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ማንም ቆሞ ቁልፍ አይመረምርም። ጥያቄዬ ከዚያ ቀን በፊት ስላለው ጊዜ ነው፦ መሣሪያውን ስንት ሰው፣ ስንት ጊዜ በእጁ ነክቶት ያውቃል?

እሳት ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው ስለ ውሃ ነው። ቦቴው ደረሰ ወይ፣ መሰላሉ ይበቃል ወይ። ሥራውን የሚያውቁት ግን ቀድመው የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ ማን ነው የሚያዘው? በየትኛው ቻናል ነን?

ይህ አስተሳሰብ መልክ የያዘው በ1970 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከደረሰው ሰደድ እሳት በኋላ ነው። በ13 ቀናት 16 ሰው ሞተ፣ 700 ገደማ ሕንፃ ወደመ። ለእርዳታ የመጡት መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አለቃ፣ የየራሳቸው አጠራር፣ የየራሳቸው ሬዲዮ ነበራቸው። ከዚያ ትምህርት ነው የአደጋ ዕዝ ሥርዓት የሚባለው የተወለደው፤ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ዋናው ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ አለቃ ብቻ ይኑረው። በሬዲዮ ኮድ ቀርቶ ሁሉም የሚገባው ተራ ንግግር ይሁን። አንድ አለቃ በቀጥታ የሚመራው ከ3 እስከ 7 ሰው ብቻ ይሁን፣ ቢቻል 5።

ይህ የመጨረሻው በጣም ነው የሚመስጠኝ፣ ምክንያቱም ስለ ሰው ጆሮ ነው። ሃያ ቡድን አንድ አዛዥ ላይ ቢጮህ አዛዡ የሚሰማው የመጨረሻውን ወይም የጮኸውን ነው። ቀስ ብሎ «ጣሪያው እየተንቀጠቀጠ ነው» ያለው ይጠፋል። ሥራው በክፍል በክፍል ሲከፈል፣ ለየክፍሉ ኃላፊ ሲመደብ፣ ያ ቀስ ያለ ድምፅ የሚሰማው ጆሮ ያገኛል።

ስለ አዛዡ አቀማመጥም ልንገራችሁ። ጥሩ አዛዥ እሳቱ ዘንድ ሲሯሯጥ አታገኙትም። ብዙ ቦታ መኪና ውስጥ፣ በሩን ዘግቶ፣ ሰሌዳ ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ላላወቀ ሰው ስንፍና ይመስላል፤ ተመልካች ሲያጉረመርም አይገርመኝም። ግን የመኪናው ሬዲዮ ከእጅ ሬዲዮ ይበልጥ ኃይል አለው። ጫጫታው ይቀንሳል። መብራት ስላለው ማን የት እንደገባ እያየ ይጽፋል። ወደ እሳቱ መሮጥ ቀላል ነው፣ ሁሉም የሚፈልገው እሱን ነው። ሰዎቹን ወደ ውስጥ ልኮ እሱ ውጭ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ግን እጅግ ይከብዳል። ለዚህ ሰው ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ከዚያ መልሶ መናገር የሚባለው ልማድ አለ። አዛዡ «ቡድን ሁለት፣ በኋለኛው ደረጃ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ውጡ» ይላል። መልሱ «እሺ» አይደለም። «ቡድን ሁለት፣ በኋለኛው ደረጃ ወደ ሦስተኛ ፎቅ» ነው። ሰከንዶች ይወስዳል። በእነዚያ ሰከንዶች ስህተቱ ይያዛል። «እሺ» ያለው ሰው ምን እንደሰማ ግን ማንም አያውቅም።

ሰው ሲታፈን ወይም ሲጠፋ ደግሞ «ሜይዴይ» ይላል። ያኔ ሌላው ሁሉ ቻናሉን ይለቅለታል። ትንሽ ደንብ ይመስላል፣ ግን አይደለም። በ1988 በሃከንሳክ፣ ኒው ጀርሲ፣ የመኪና መሸጫ ጣሪያ ወድቆ አምስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ሁለቱ ከተዘጋባቸው ክፍል ሆነው በሬዲዮ እርዳታ ጠይቀዋል። ጥሪያቸውን ውጭ ያሉት አዛዦች በጊዜው አልተረዱትም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሠራተኞቹ ነው። ቤት ውስጥ ያለውም ሰው ግን የዚህ ሰንሰለት አካል ነው። ለንደን፣ ግሬንፌል ሕንፃ፣ ጁን 14 ቀን 2017። የመጀመሪያው ጥሪ የደረሰው ከሌሊቱ 6:54 ላይ ነው። ነዋሪዎች ስልክ ሲደውሉ «ባላችሁበት ቆዩ» ይባሉ ነበር፣ ለፎቅ እሳት የተለመደው ምክር ስለሆነ። እሳቱ ግን በውጭው ግድግዳ ላይ ሽቅብ ይወጣል። ውጭ ያሉት ይህን ያያሉ፣ ስልክ የሚያነሱት አያዩም። ደዋዮቹ የሚናገሩት ደግሞ በቁራጭ ወረቀት እየተጻፈ በእጅ ይመላለስ ነበር። ምክሩ የተሻረው ከሌሊቱ 8:47 ላይ ነው። ምርመራው እንደሚለው ከ7:30 እስከ 7:50 ባለው ጊዜ መሻር ነበረበት። 72 ሰዎች ሞቱ።

ስልክ ስለሚያነሱት ሰዎች ብዙ የምለው አለኝ፤ እነሱ ራሳቸውን የቻለ ክፍል ይገባቸዋል። በሚቀጥለው እመለስበታለሁ። እስከዚያው በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ በእናንተ ቡድን መልሶ መናገር እንዴት እንደሚሠራ መስማት እፈልጋለሁ። ደህና ሁኑ።