ቮልስን ቮልስ ያደረጋት ምን ነበር?

በመኪና ወዳጆች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፣ አዳማ

የተከበራችሁ አባላት፣ ከአዲስ አበባ፣ ከሞጆ፣ ከአሰላና ከመተሐራ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጠዋት ግቢው ስገባ ትንሽ ቆሜ አየሁ። በቀኝ በኩል ቮልሶቹ ተደርድረዋል። አንዷ ትናንት የተወለወለች፣ አንዷ ቀለሟ ገና ያላለቀ። በግራ በኩል ድምፅ ሳያሰሙ የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አሉ። የዚያው የቮልስዋገን ኩባንያ ሥራ የሆኑት አይዲ 4 እና አይዲ 6። የሁሉም አፍንጫ ላይ ያለው ምልክት አንድ ነው፤ ክብ ውስጥ ቪ እና ደብሊው። ዓመቱን ሙሉ የተከራከርንበት ጉዳይ በሁለት ረድፍ ተሰልፎ ግቢያችን ቆሟል።

ለእንግዶቻችን ክርክሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ታላላቆቻችን «ይሄ ኩባንያ ስሙን ረስቷል» ይላሉ። ቮልስዋገን በጀርመንኛ የሕዝብ መኪና ማለት ነው። ሕዝቡ ከፍቶ የማይጠግነው መኪና እንዴት የሕዝብ ይባላል ነው ጥያቄያቸው። ወጣቶቹ ደግሞ «እንዲያውም ወደ ድሮው ተመልሷል» ባይ ናቸው። ነጥባቸው ቀላል አይደለም። የብዙዎቹ አይዲ 4 ሞተር ያለው ከኋላ ነው፤ የሚገፋውም የኋላ ጎማ ነው፤ ልክ እንደ ቮልስ። በዚህ ጉዳይ ስንት ስኒ ቡና እንደቀዘቀዘብን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ዛሬ የራሴን ሐሳብ በግልጽ እናገራለሁ። ሊቀመንበር መሀል ላይ መቆም አለበት የምትሉ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጉዳዩ ለእኔ የልብ ጉዳይ ነው።

እኔ ያደግኩት ቮልስ ውስጥ ነው። አባቴ መምህር ነበር። ከተማችንን ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ስድስት ሆነን በዚያች መኪና ቁልቢ ገብርኤል እንሄድ ነበር። ከመተሐራ ወዲያ ሙቀቱ ሲበረታ በየመንገዱ ዳር ኮፈናቸውን ከፍተው የቆሙ መኪኖች እናያለን። እንፋሎታቸው ይታየኛል እስከዛሬ። የእኛዋ ግን ውሃ የላት፣ ራዲያተር የላት፤ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ነው። አባቴ ታዲያ ዘይቷን ሳያይ ንቅንቅ አይልም። «የቮልስ ውሃዋ ዘይቷ ነው» ይለን ነበር። ትክክል ነው። ውሃ በሌለበት ሞተር ውስጥ ዘይቱ ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱንም ተሸክሞ ያወጣል።

እዚሁ ከተማችን ፍራንኮ አካባቢ ደግሞ አንድ መካኒክ ነበር፤ ጋሼ ነው የምንለው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቦታ ነው። ጋሼ ከረዳቱ ጋር ሆኖ ጠዋት አውርዶ፣ ከሰዓት በኋላ መልሶ ሲሰቅል በዓይኔ አይቻለሁ። ጀርመን አገር አልተማረም፤ ማንዋልም አላነበበም። ፈታ፣ አየ፣ ዳሰሰ፣ ገጠመ። መኪናዋ ራሷ አስተማረችው።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ እንዳይመስላችሁ። (ዓ.ም ካላልኩ በቀር ዓመቱን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው።) የቮልስ አጀማመር ንጹሕ አይደለም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በ1930ዎቹ የሂትለር መንግሥት ያሠራት መኪና ናት። ፋብሪካውም በጦርነቱ ጊዜ ሰዎችን በግዳጅ ያሠራ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አይቫን ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ከፍርስራሽ አስነሣው። በ1948 ሃይንሪሽ ኖርድሆፍ ኃላፊነቱን ተረከበ። እኔን የሚገርመኝ የዚህ ሰው መንገድ ነው። በየጊዜው አዲስ ቅርጽ አላወጣም። ያቺኑ አንዷን መኪና በየዓመቱ ውስጧን አሻሻላት፤ መልኳን ግን ብዙም አልነካውም። መኪናዋ ወደ አንድ አገር ስትገባም መለዋወጫውና ጥገናው አብሯት እንዲገባ አጥብቆ ይከታተል ነበር።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። በነሐሴ 1955 አንድ ሚሊዮንኛዋ ወጣች። በየካቲት 1972 የፎርድ ሞዴል ቲን የ15,007,034 ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ ፑኤብላ ላይ ስትሠራ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር። ስሟን የገነባው እያንዳንዱ ከተማ ውስጥ ያለው ጋሼ ነው፤ ኩባንያውም ለጋሼ የሚሆን መኪና ሠርቶ፣ መለዋወጫውን አቅርቦለታል።

ኩባንያው ስሙን የረሳበት ጊዜስ የለም ወይ? አለ። በ2002 ፌቶን የሚባል ቅንጡ መኪና አወጣ። ድሬዝደን ከተማ ውስጥ ግድግዳው መስታወት በሆነ ፋብሪካ ነበር የሚገጣጠመው። ባለ 12 ሲሊንደር ሞተርም ነበረው። በሥራው ጥራት የሚታማ መኪና አልነበረም። ሰው ግን ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ የሕዝብ መኪና ምልክት ያለበትን መግዛት አልፈለገም። በ2016 ቆመ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የባሰው መጣ። የናፍጣ መኪኖቹ የጭስ ምርመራን የሚያታልል ሶፍትዌር እንደተጫነባቸው ተጋለጠ። በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን መኪና ነው። ፌቶን ገንዘብ ነው ያከሰረው፤ ይሄኛው ግን እምነት ነው የበላው።

ወደ ኤሌክትሪክ የሮጠው ከዚህ በኋላ ነው። በ2019 አይዲ 3ን ሲያስተዋውቅ ቁጥር 3 የተሰጠው በምክንያት ነበር። ከቮልስና ጎልፍ ከተባለው መኪናቸው ቀጥሎ ሦስተኛው ምዕራፍ ነው አሉ። ትልቅ ቃል ነው። መኪናው ግን ሶፍትዌሩ ሳያልቅ ነው የተዋወቀው፤ ገዢዎች እጅ የገባው በ2020 መስከረም ነው። የሚጫኑ ቁልፎች ጠፍተው ሁሉ ነገር ስክሪን ሆነ። የሙቀት ማስተካከያው በጣት የሚዳሰስ ነበር፤ ማታ የሚያሳይ መብራት እንኳ አልነበረውም። እየነዱ ዓይን ከመንገድ ላይ መንቀል ማለት ምን እንደሆነ አዳማ መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ያውቃል። ባጃጁ ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም።

አሁን ግን እየተመለሱ ነው። የዲዛይን ኃላፊው አንድሪያስ ሚንት በ2025 ይህን ስሕተት ዳግም እንደማይሠሩት በግልጽ ተናግሯል። ቁልፎቹ ይመለሳሉ። በዚያው ዓመት መስከረም ደግሞ አዲሱ ትንሹ የኤሌክትሪክ መኪና አይዲ ፖሎ እንደሚባል አሳወቁ። ቁጥሩ ቀርቶ ሰው የሚያውቀው ስም ተመለሰ ማለት ነው። ይህን የሰማን ዕለት በቴሌግራም ግሩፓችን የነበረውን ደስታ አልረሳውም።

ይህ ሁሉ የአውሮፓ ወሬ ነው። የእኛስ?

በእኛ አቆጣጠር በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ መወሰኑን አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ መንገዳችን በፍጥነት ተለወጠ። እኔ ለውጡን አልቃወምም። ቀና ብላችሁ ከከተማችን ዙሪያ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች እዩ። አንዱ ጣቢያ 51፣ ሌላው 153 ሜጋ ዋት ነው። ድሮ የአባቴን ቮልስ ያቀዘቀዘው ነፋስ ዛሬ ኤሌክትሪክ ሆኖ ይወጣል። ወጣቶቹ በዚህ ትክክል ናቸው።

ችግሩ አመጣጡ ላይ ነው። እዚህ የምናያቸው አይዲ 4 እና አይዲ 6 አብዛኞቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ፣ በነጋዴ እጅ የገቡ ናቸው። አይዲ 6 ጭራሽ ለቻይና ገበያ የወጣ ሞዴል ነው፤ ጀርመን አገር ሄዳችሁ ከሻጩ ልግዛ ብትሉ አታገኙትም። የቻርጀር መሰኪያው የቻይና ነው። ለቻይና ገዢ የተሰጠ ዋስትና አዳማ ላይ ወረቀት ነው።

አንድ አባላችን የደረሰበትን ላንሣ። የመኪናውን ዓይነት አልጠራም። ስክሪኑ በቻይንኛ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ቢጫ ማስጠንቀቂያ በራ። ጽሑፉን ፎቶ አንሥቶ ግሩፓችን ላይ ለጠፈው፤ ቶሎ የሚያነብለት አልተገኘም። ፈርቶ ሁለት ቀን መኪናውን አቆመ፤ ሥራውም አብሮ ቆመ። በመጨረሻ የሚያነብ ሰው ሲገኝ የጎማ ነፋስ አንሷል የሚል ነበር። የጎማ ነፋስ ስለሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። የባትሪ ቢሆንስ?

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ታላላቆቻችን «አዲሱ መኪና ተፈቶ አይታይም» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ምክንያቱ ግን የኩባንያው ክፋት ብቻ አይደለም። ጋሼ የተማረው በመዳሰስ ነው። ዛሬ ወለሉ ሥር ያለውን ባትሪና እነዚያን ብርቱካናማ ገመዶች በመዳሰስ መማር አይቻልም። 400 ቮልት አካባቢ ነው፤ ይገድላል። ቮልስ በራሷ ታስተምር ነበር፤ አይዲ በራሱ አያስተምርም። ስለዚህ አስተማሪው ኩባንያው መሆን አለበት። የሕዝብ መኪና የሚለው ስም ዛሬ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ማንዋሉ ሲገኝ፣ የምርመራ ሶፍትዌሩ ለጋራዥ ሲከፈት፣ ስክሪኑ በሚገባን ቋንቋ ሲያወራ።

«እኛ አልላክነውም፣ ነጋዴ ነው የወሰደው» ሊሉ ይችላሉ። ሕጋዊ መልስ ነው። ግን መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ ሲቀር የሚነሣው የነጋዴው ስም አይደለም፤ አፍንጫው ላይ ያለው ምልክት ነው። ደግሞ አገራችንን የማያውቅ ኩባንያ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በጥር 2011 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ከኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሟል። መገጣጠሚያና የሥልጠና ማዕከል ተነሥቶበት ነበር። ሩዋንዳ ኪጋሊ ላይ በፈረንጆቹ 2018 የከፈተውን መገጣጠሚያ ዓይነት እኛ አገር እስካሁን አላየንም። ፋብሪካው ቢቆይ ይቆይ። ሥልጠናው ግን ፋብሪካ አይጠብቅም።

የዛሬው ዋና አጀንዳም ይኸው ነው። ቮልፍስቡርግ ላለው የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት የምንልከው ደብዳቤ ረቂቅ ጠረጴዛችሁ ላይ አለ። የጻፍነው በልመና ቋንቋ አይደለም። ስሙን ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ተሸክመው ያቆዩለት ሰዎች ሆነን ነው። አራተኛው አንቀጽ ላይ ስለ መካኒኮች ሥልጠና ያለው እኔን ገና አላረካኝም፤ አጥብቁት። መልስ እስኪመጣም እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በወር አንድ ቅዳሜ የኤሌክትሪክ መኪና ደኅንነት ትምህርት እንዲኖር ሥራ አስፈጻሚው ሐሳብ አቅርቧል፤ ኃይሉ እንዴት እንደሚቋረጥ ሳያውቅ ማንም ብርቱካናማውን ገመድ እንዳይነካ። ወጪውን ከመዋጮ ነው የምንሸፍነው፤ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ።

ስትወያዩ ሁለቱም ወገን ይሰማ። መጀመሪያ የሚናገሩት በዕድሜ ትልቁ አባላችን ናቸው፤ ቮልሳቸው በር ላይ ያለችው ሰማያዊዋ ናት። ቀጥላ አይዲ 4 የምትነዳው እህታችን ትናገራለች። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ስትመጣ ባትሪዋ ስንት እንደቀነሰ መዝግባ መጥታለች፤ ቁጥሩን ከእሷ ስሙ።

አባታችን፣ ይምጡ፤ መድረኩ የእርስዎ ነው።