66 ዲግሪ፦ ዲሽን በደሴና በኮምቦልቻ ጣሪያ ላይ ማቆም

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ የማወራው ወርሃዊ ክፍያ ሳይኖርበት ቴሌቪዥን ስለሚያሳየን የሳተላይት ዲሽ ነው። ምን እንግዛ፣ የት እንትከል፣ ወዴት እናዙር፣ ይኸው ነው። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለደሴና ለኮምቦልቻ የተሰሉ ናቸው። ሌላ ከተማ ሆናችሁ የምትሰሙኝ ሐሳቡን ውሰዱ፣ ቁጥሩን ግን ተዉት።

ደሴ ላይ ቲቪ አልይዝ ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ተራራው ነው። ጦሳ በምዕራብ፣ አዝዋ በምሥራቅ፣ እኛ መሐል። ኮምቦልቻ ደግሞ ሐረጎን ወርዶ ከታች ነው። ወቀሳው ለምድር አንቴና ትክክል ነው፤ ለኢትዮሳት፣ ማለትም የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን ከሳተላይት ለሚቀበለው ዲሽ፣ ግን አይሠራም። ሁለቱ ስለሚምታቱ ነው ሰው ያለ ጥፋቱ ተራራውን የሚከስሰው።

የምድሩን ቶሎ ላንሳና ልለፈው። በአንድ ዘንግ ላይ የአሉሚኒየም በትሮች የተደረደሩበት አንቴና ከማሰራጫ ምሰሶ በቀጥታ የሚመጣ ሞገድ ነው የሚፈልገው። ምሰሶውን በዓይናችሁ የምታዩበት ቦታ ከሆናችሁ መካከለኛ አንቴና ይበቃችኋል። አጫጭሮቹ በትሮች ያሉበት ጫፍ ወደ ማሰራጫው ይዙር። ኢትዮጵያ ለምድር ዲጂታል ስርጭት የመረጠችው መስፈርት ዲቪቢ ቲ 2 ስለሆነ፣ ቲቪያችሁ ወይም ሪሲቨራችሁ ይህን የሚያነብ መሆን አለበት፤ የዲሽ ሪሲቨር ብቻውን አያነበውም። ተራራ ከከለላችሁ የሚደርሳችሁ ከሌላ ገደል ነጥሮ የመጣ ሞገድ ነው። ያን ጊዜ አንቴናውን ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ማንሳት ከፍታ ከመጨመር በላይ ሊረዳ ይችላል። ቡስተር መጨመር ግን መጥፎውን ሲግናል ከነመጥፎነቱ ማጉላት ነው። እኔ አልመክረውም።

አሁን ወደ ዲሹ። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የተሰባሰቡበት ኢትዮሳት የሚሠራጨው ኤንኤስኤስ 12 ከምትባለው ሳተላይት ነው፤ ቦታዋ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ከደሴ ሲታይ አቅጣጫዋ ከሰሜን በሰዓት ዘንግ ዞረን ስንለካ 122 ዲግሪ ይሆናል፤ ደቡብ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያጋደለ። ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታ 66 ዲግሪ ነው። ለኮምቦልቻም ያው ነው፤ ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ በታች ስለሆነ እርሱት።

66 ዲግሪ ማለት ከአናታችን ብዙም ያልራቀ ማለት ነው። አንድ ግንብ ወይም ባሕር ዛፍ ኢትዮሳትን ለመከለል ከዲሹ ያለውን ርቀት 2.2 ጊዜ ያህል ከፍ ማለት አለበት። ከዲሹ 4 ሜትር ላይ ያለ ግንብ ከዲሹ በላይ 9 ሜትር እስኪደርስ አይከልልም። አዝዋማ ጨርሶ አይደርስበትም። ሌላውን ሳተላይት፣ ናይልሳትን እንይ፦ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ ከደሴ ከፍታው 35 ዲግሪ ብቻ ነው፤ አቅጣጫውም 260፣ ማለትም ወደ ጦሳ። እዚያ ላይ 4 ሜትር ርቆ ከዲሹ 3 ሜትር ከፍ ያለ የጎረቤት ግድግዳ ይበቃዋል። እንግዲህ ተራራው የሚወቀሰው ለናይልሳት ከሆነ እሺ።

አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፤ "በአንድ ዲሽ ሁለቱንም ማየት አይቻልም ወይ?" አይቻልም። በአንድ ሳህን ላይ ሁለት ኤልኤንቢ (በዲሹ ክንድ ጫፍ ላይ ሆኖ ሞገዱን የሚቀበለው ዕቃ) የሚሠራው ሳተላይቶቹ ሲቀራረቡ ነው፤ እነዚህ 64 ዲግሪ ተራርቀዋል። ሁለት ዲሽ፣ ሁለቱን ከአንድ ሪሲቨር ጋር የሚያገናኝ አንድ ዳይሴክ፣ ሌላ መንገድ የለም።

ከፍታው ጥቅም ብቻ አይደለም። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ይህን ልብ በሉ። በረንዳችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቢያይ እንኳ የላይኛው ፎቅ ወለል ይከልላችኋል። ጣሪያው ከዲሹ 2 ሜትር ከፍ ካለ፣ ዲሹ ከበረንዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ከ90 ሳንቲ ሜትር በላይ መግባት የለበትም፤ የሳህኑን ስፋት ስትቆጥሩ ደግሞ ክንዱን ወደ ውጭ ማውጣት ግድ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ዲሽ ስትገዙ ከጀርባው ያለውን ማሰሪያ እዩ። አንዳንዱ የዲግሪ መለኪያው 60 ላይ ያልቃል፤ ያ ለእኛ አይሆንም። እስከ 70 የሚሄድ ይሁን።

መጠኑስ? እኔ 90 ሳንቲ ሜትር እላለሁ። 60ው በጠራ ሰማይ ሊያሳይ ይችላል፤ ነገር ግን 90ው የሚሰበስበው ከእጥፍ በላይ ነው፣ 2.25 ጊዜ። ይህ ትርፍ የሚያስፈልገው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ዝናቡ ሲያጉረመርም ሞገዱን የሚውጠው በመንገድ ላይ ያለው ውሃ ነው፤ ትርፍ ከሌላችሁ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። ዋጋው በሌላ በኩል ይከፈላል፦ ንፋስም 90ውን በ2.25 እጥፍ ነው የሚገፋው። ስለዚህ ምሰሶው ጠንካራ ይሁን።

ምሰሶ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ቆርቆሮ ላይ የተቸነከረ ዲሽ ከቆርቆሮው ጋር ይንቀጠቀጣል፣ ቀዳዳውም ክረምት ላይ ያፈሳል። የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግድግዳ ካለ በድሪል ተበስቶ በትልቅ ፊሸርና ቡሎን ይታሰር። የጭቃ ግድግዳ ፊሸር አይዝም፤ እንዲህ ከሆነ ግቢ ውስጥ 60 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ባለ 2 ኢንች የብረት ቱቦ በኮንክሪት ይተከል። ከፍታችን 66 ዲግሪ ስለሆነ መሬት ላይ መትከል ምንም አያስቀርባችሁም፤ ለማጽዳትም ለማስተካከልም ይቀላል። ኮንክሪቱ ሁለት ሦስት ቀን ሳይደርቅ ዲሹን አትጫኑበት።

ቱቦው ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ቱንቢ አውርዱ፣ በአንድ ጎን ብቻ ሳይሆን በሁለት ጎን፣ አንዴ ከፊት አንዴ ከጎን። ምሰሶው ካጋደለ ዲሹን ግራ ቀኝ ባዞራችሁ ቁጥር ከፍታው አብሮ ይለዋወጣል፤ ያን ጊዜ መፈለጉ ማለቂያ የለውም።

አቅጣጫውን ለማግኘት ብዙዎች የስልክ ኮምፓስ ይጠቀማሉ። ይሠራል፣ ነገር ግን ቆርቆሮና ብረት አጠገብ ይዋሻል። ከምሰሶው ጥቂት ሜትር ራቁና አንብቡ፤ በእኛ አገር የኮምፓስ ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን 3 ዲግሪ ያህል ስለሚለይ ኮምፓሱ 119 ሲል ነው ትክክለኛው። ከኮምፓስ ይልቅ ግን እኔ ፀሐይን አምናለሁ። ገና ሰሞን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40 ላይ ፀሐይ በትክክል በኢትዮሳት አቅጣጫ ትሆናለች፤ ከፍታዋ ዝቅተኛ ቢሆንም አቅጣጫው አንድ ነው። ቀጥ ያለ ዘንግ አቁሙ፣ ጥላው ላይ በኖራ መስመር አስምሩ፤ መስመሩ በፀሐይ በኩል የሚያመለክተው ወደ ሳተላይቷ ነው።

ከዚያም የሚሻል ቀን አለ። መስቀል በዋለ ማግስት አካባቢ፣ ረፋድ ላይ ለ5 ሰዓት 10 ጉዳይ ገደማ ሲሆን፣ ፀሐይ በአቅጣጫም በከፍታም ሳተላይቷ ያለችበት ቦታ ላይ ትቆማለች። በመጋቢት ደግሞ በ7 አካባቢ፣ 5 ሰዓት ከ10 ላይ። በዚያች ደቂቃ ዲሽ ልትተክሉበት ያሰባችሁት ቦታ ላይ ፀሐይ ካረፈ ምንም የሚከልል የለም፤ ጥላ ካለ ቦታ ቀይሩ። የተተከለ ዲሽ ካላችሁ ደግሞ ከሳህኑ የሚንጸባረቀው ብርሃን ኤልኤንቢው አፍ ላይ ማረፉን እዩ። በእነዚያው ቀናት በዚያው ሰዓት ምስል ለጥቂት ደቂቃ ሊበላሽ ይችላል፣ ምክንያቱም ዲሹ ፀሐይ የምትለቀውንም ሞገድ አብሮ ይቀበላል። ዲሹን አትነካኩ። ራሱ ይመለሳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ላይ ደረስኩ። ኤልኤንቢውን በመያዣው ውስጥ ማዞር። ሳተላይቷ ከእኛ ወደ ምሥራቅ ስለሆነችና እኛም ወደ ምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን፣ ሞገዷ ለእኛ አጋድሎ ነው የሚደርሰን፤ በስሌት 57 ዲግሪ ያህል። ከዲሹ ጀርባ ቆማችሁ ወደ ሳተላይቷ ስታዩ ኤልኤንቢውን ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ በዚህ ልክ ታዞሩታላችሁ። ፊት ለፊት ቆማችሁ ሳህኑን ስታዩ ከሆነ በሰዓት ዘንግ ነው። ይህ ትንሽ ማስተካከያ አይደለም። ቀጥ አድርጋችሁ ከተዋችሁት ሳተላይቷ የምትልካቸው ሁለት ዓይነት ሞገዶች፣ አግድሙና ቀጥተኛው፣ ይደባለቃሉ፣ ከዚያም "ግማሹ ቻናል ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም" የሚባለው ይመጣል። ሳተላይቱ ተበላሸ ይባላል፣ ሪሲቨር ይቀየራል። ችግሩ ግን ኤልኤንቢው አለመዞሩ ነው።

ፍለጋው እንዲህ ይሂድ። ከፍታውን 66 ላይ፣ ኤልኤንቢውን 57 ላይ አድርጋችሁ ቡሎኖቹን ለስለስ አድርጋችሁ እሰሩ። ሪሲቨሩ ላይ ኤልኤንቢ ዓይነቱን 9750 እና 10600 በሉ። ፍሪኩዌንሲውን ጎረቤት ከሚሠራ ሪሲቨር ላይ ቅዱ፣ ስለሚቀየር የቆየ ወረቀት አትመኑ። ከምሥራቅ ጀምራችሁ ወደ ደቡብ በሳህኑ ጠርዝ አንድ ሳንቲ ሜትር እየገፋችሁ፣ በየግፊቱ ሦስት ሰከንድ ጠብቁ፤ ሪሲቨሩ ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል። የ90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ጨረር ስፋቱ 2 ዲግሪ ብቻ ነው። ጠርዙ ጥቂት ቢነቃነቅ አንድ ዲግሪ ልትስቱ ትችላላችሁ፣ ያም ማለት የሲግናሉ ግማሽ ሄዷል። በችኮላ የሚያዞር ሰው ሳተላይቷን አልፏት ሄዶ "የለችም" ይላል።

ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አለ። ስትሬንግዝ የሚባለው ኤልኤንቢው መብራት ማግኘቱን እንጂ ሌላ ብዙ አይነግራችሁም፤ ባዶ ሰማይ ላይም ከፍ ይላል። የሚታየው ኳሊቲው ነው። እሱ ብቅ ሲል አትቁሙ። ወደ ግራ እስኪወርድ ግፉ፣ ምልክት አድርጉ፤ ወደ ቀኝ እኩል እስኪወርድ ግፉ፣ ምልክት አድርጉ፤ መሐሉ ላይ እሰሩ። ከፍታውንም እንዲሁ። በመጨረሻ ኤልኤንቢውን ጥቂት ጥቂት ዲግሪ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ከፍተኛውን ፈልጉ። ከዚያ ሪሲቨሩ ቻናሎቹን እንዲፈልግ አድርጉና ስማቸውን አንብቡ፤ የማታውቁት ስም ብቻ ከመጣ የያዛችሁት ሌላ ሳተላይት ነው። ቡሎን ስታጠብቁ በየተራ፣ ኳሊቲውን እያያችሁ። አንዱን ብቻ ጨርሶ ማጥበቅ ሳህኑን ይጎትታል።

ገመዱ አርጂ 6 የሚባለው የዲሽ ገመድ ይሁን። ጫፉ ላይ ኮኔክተር ስትገጥሙ የመሐሉ ሽቦ ከአፉ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይውጣ፤ ከውጪው መረብ አንዲት ፀጉር የመሐሉን ከነካች ሪሲቨሩ ሾርት ይላል። ስትነቅሉና ስትሰኩ ሪሲቨሩ ከመብራት ይነቀል። ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ገመዱ ከመግቢያው ቀዳዳ ዝቅ ብሎ ይውረድና ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ ይግባ፣ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል። ኮኔክተሩን በተራ ናስትሮ ብቻ አትሸፍኑ፤ የበጋው ፀሐይ ይልጠዋል፣ ክረምት ውሃ ይገባል፣ ኳሊቲው በየሳምንቱ ይወርዳል፣ ሰው ዲሹ ዞረ ብሎ ያስባል። ላስቲክ ቆብ ያለው ኮኔክተር ወይም ራሱ የሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ይሻላል። በነጎድጓድ ጊዜ ገመዱን ከሪሲቨሩ ንቀሉ፤ ከመብራት መንቀል ብቻ አይበቃም።

ሁለት ቲቪ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ገመዱን በተራ መክፈያ ለሁለት አትቁረጡት። ሪሲቨር ለኤልኤንቢው 13 ወይም 18 ቮልት እየላከ ነው ቀጥተኛውን ወይም አግድሙን ሞገድ የሚመርጠው። ሁለት ሪሲቨር በአንድ ገመድ ላይ ካለ 18 የላከው ያሸንፋል፣ ሌላኛው ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች የተወሰነ ቻናል ይጠፋባቸዋል። ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ግዙና ለየሪሲቨሩ የራሱን ገመድ ዘርጉ።